አሥራ ሰባተኛው ሚስማር

አባቴ ጋሼ ቀጭኔን ወደሚነደው ጫካ መልሶ ሲልከው በዓይኔ አይቻለሁ ብዬ ለአሥራ ሦስት ዓመት አምኛለሁ። ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ነገሩን ሆዴ ውስጥ ቀብሬ፣ አባቴ ሊስመኝ ጎንበስ ባለ ቁጥር ፊቴን አዞርበት ነበር። እሱም አንድ ቀን እንኳ «ምን ሆነሻል?» ብሎኝ አያውቅም። ያ ዝምታው ለእኔ ከማስረጃም በላይ ነበር፤ ንጹሕ ሰው ቢሆን ኖሮ ይጠይቀኝ ነበር እያልኩ ቂሜን እመግበው ነበር።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። የምንኖረው በደን ጣቢያው ግቢ ውስጥ፣ እንደ መንታ ከሚመሳሰሉ ስድስት ቤቶች በአንደኛው ነው። ግቢያችንን ከጫካው የሚለየው አንድ ሰፊ የጠጠር መንገድ ብቻ ነበር። ከመንገዱ ወዲያ ጥድ፣ ከጥዱ ወዲያ ሸለቆ፣ ከሸለቆው ወዲያ ደግሞ ጥድ። በበጋ ሙጫው በፀሐይ ሲቀልጥ ሽታው ቤት ድረስ ገብቶ ትራሳችን ላይ ይተኛል። አባቴ የእሳት መከላከል ቡድኑ አለቃ ነበር፤ ሃያ ሁለት ሰዎች ያዝዛል። ፊት ለፊቱ «አለቃ» ይሉታል፤ ከጀርባው ግን ስሙ «ቁጠሩልኝ» ነው። በልቶ ሲነሳ እንኳ ማንኪያዎቹን ይቆጥራል እያሉ ያሙት ነበር።

እናቴ ከተማ ክሊኒክ ውስጥ ስለምትሠራ ከትምህርት ቤት መልስ የምውለው ሬዲዮ ክፍል ነው። የክፍሉ ባለቤት እትዬ ሬዲዮ ናት። እውነተኛ ስሟን ሰው ሁሉ ከመርሳቱ የተነሳ፣ ከዋናው መሥሪያ ቤት የመጣ እንግዳ መዝገብ ገልጦ ቢጠራት እሷ ራሷ ዞር ብላ «ማንን ነው የሚፈልጉት?» አለች ይባላል። ቀኑን ሙሉ ከማማው ጠባቂና ከመኪኖቹ ጋር ስታወራ ትውልና ፋታ ስታገኝ የቤት ሥራዬን ታያለች። «የቁጠሩልኝ ልጅ ቁጥር አልገባሽ አለ? እሳት አመድ ወለደ አሉ!» ትልና አመዷን እቅፍ አድርጋ ትስማለች።

ከእሷ ጀርባ ግድግዳው ላይ ወፍራም ጣውላ ተሰቅሏል። ጣውላው ላይ በሁለት ረድፍ ሃያ ሁለት ሚስማሮች ተመትተዋል። በየሚስማሩ ከመዳፌ የማትበልጥ ክብ ቆርቆሮ ተንጠልጥላለች፤ አንድ ፊቷ ቀይ፣ ሌላው ነጭ፤ በሁለቱም ላይ የባለቤቷ ቁጥር ተጽፏል። ከመንገዱ ወዲያ የሚሻገር ሰው ቆርቆሮውን ወደ ቀይ ያዞራል፤ ወዲህ ሲመለስ ወደ ነጭ። ሕጉ አንድ ነው፤ የሌላ ሰው ቆርቆሮ አይነካም። እጁ ተሰብሮ የመጣ ሰው እንኳ በደህናው እጁ ራሱ ያዞራታል እንጂ ጓደኛው አያዞርለትም።

አንድ ቀን ሾፌሩ ከጫካ ወጥቶ ማዞሩን ረስቶ ከተማ ቤቱ ገባ። አባቴ መኪና ልኮ ከራት ገበታ ላይ አስነስቶ አመጣው። ሾፌሩ አፉ ውስጥ የቀረውን እያላመጠ ገባ፣ አዞረ፣ ከዚያ «አለቃ፣ አሁን ወደ ሚስቴ ስመለስ ወደ ቀይ ላድርጋት?» ቢል ክፍሉ በሳቅ አውካካ። አባቴ አልሳቀም።

«ጭስ ውስጥ ሆኜ የሃያ ሁለት ሰው ፊት ማየት አልችልም» አለ። «የማየው ቆርቆሮዋን ነው። እሷ ከዋሸችኝ ሰው እገድላለሁ።»

ሰው እገድላለሁ ያለው አባቶች ሲቆጡ የሚሉት ነገር ነው ብዬ አለፍኩት።

አሥራ ሰባት ቁጥር የጋሼ ቀጭኔ ናት። የሞተር መጋዝ ሠራተኛ ነበር፤ በየትኛውም በር ጎንበስ ሳይል አይገባም። ቶሎ ስለምነድ «ጭራሮ» ብሎ ያወጣልኝ እሱ ነው። ከተቆረጠ ግንድ አጠገብ ያስቀምጠኝና ጣቴን በቀለበቶቹ ላይ እያስኬደ ያስቆጥረኛል። «ይቺን ቀጭኗን አየሻት? የድርቅ ዓመት ናት። ዛፉ እንደ እኔ አንጀቱን አስሮ ከረመ» ይለኛል። እትዬ ሬዲዮ ስትቆጣ ያልገባኝ ቁጥር ከእሱ ጋር ሳይታወቀኝ ገባኝ።

አንድ ምሽት ሃያ አንዱ ቆርቆሮ ነጭ ሆኖ የእሱ ብቻ ቀይ ነበረች። ፀሐይዋ ልትገባ ነው። እትዬ ሬዲዮ ውሃ ልትቀዳ ወጥታለች። የቀይዋ ብቸኝነት አስፈራኝ መሰለኝ፣ በርጩማዋን ጎትቼ ወጣሁና አዞርኳት። ነጭ። ወርጄ ልብሴን ሳላራግፍ ቡትስ ጫማው በረንዳው ላይ ተሰማ። ጎንበስ ብሎ ገባ። እጁን ወደ ሚስማሩ ሲዘረጋ መሃል ላይ ቆመ። ቆርቆሮዋን አየ፣ እኔን አየ፣ በርጩማዋን አየ።

«ዛሬስ ከራሴ ቀድሜ ነው የገባሁት» አለና አገጬን በሁለት ጣቱ ቆንጠጥ አድርጎ ሄደ። ለማንም አልተናገረብኝም።

ከዚያ ወዲያ አምስት ወይ ስድስት ጊዜ አድርጌዋለሁ። ባዞርኳት ቁጥር መጥቷል፤ አንዴ ወዲያው፣ አንዴ ትንሽ ቆይቶ። ዶሮ ስለጮኸ ነው የሚነጋው የሚል ሰው ምን ያህል እርግጠኛ እንደሚሆን አውቃለሁ፤ እኔ ያቺ ዶሮ ነበርኩ። ሰዎቹ ቆርቆሮ የሚያዞሩት ስለመጡ መሆኑ አልታየኝም። ቆርቆሮዋ ስትዞር ሰውየው ይመጣል፤ ይህን ምሥጢር ጣቢያው ውስጥ ከእኔና ከጋሼ ቀጭኔ በቀር የሚያውቅ የለም ብዬ እኮራ ነበር።

እሳቱ የተነሳ ዕለት ፀሐይዋ ከረፋዱ ጀምሮ እንደ አሮጌ ነሐስ ቀላች። መምህራችን መስኮቱን ዘግታ፣ ከፍታ፣ እንደገና ዘግታ፣ በመጨረሻ ወደየቤታችን ሰደደችን። ሬዲዮ ክፍል ስደርስ እትዬ ሬዲዮ ዞራም አላየችኝ። ከጠረጴዛው ስር ገብቼ ተቀመጥኩ። ከሬዲዮው የሚወጣው ቃል ግማሹ ይገባኛል፣ ግማሹ አይገባኝም። «መስመሩን ዘሎታል» አለ አንዱ ድምፅ፤ ፈረስ ታየኝ። «ሸለቆው እየሳበ ነው» አለ የማማው ጠባቂ፤ ሸለቆው እንደ ሽማግሌ ቁጭ ብሎ ጭስ ሲስብ ታየኝ። ከዚያ የአባቴ ድምፅ መጣ፤ ነገር ግን ቤት ውስጥ የማውቀው ድምፅ አልነበረም።

«ሁላችሁም ወደ መንገዱ! ዕቃ ተዉ! መጋዙንም፣ ፓምፑንም፣ ሁሉንም ተዉት! ሰው ብቻ ይምጣ!»

የፊተኛው መኪና ደረሰ። ሰዎቹ ፊታቸው ከስሎ፣ ዓይናቸው ብቻ ቀርቶ፣ እየሳሉ ገቡ። እያንዳንዱ ሚስማሩን ፈልጎ ያዞራል፤ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። አዙረው ወጥተው መንገዱ ዳር በየአምስት እርምጃው ይቆማሉ። ትንሽ ቆይቶ የኋለኛው መኪና መጣ። ጠቅ፣ ጠቅ። አንዱ ሲወጣ ጓደኛውን «ቀጭኔስ?» ሲለው ሰማሁ። «ከፊተኞቹ ጋር መጥቷል» አለው። የፊተኞቹም ስለ እሱ ሲጠያየቁ «ከኋለኞቹ ጋር ይመጣል» ሲሉ ሰምቼ ነበር። ዘጠኝ ዓመት የሞላው ሰው ሁለቱን ቃል አጠገብ ለአጠገብ ማድረግ ይችላል። እኔ አላደረግኩም። ወይም አድርጌ ይሆናል፤ ያደረግኩት ግን በራሴ መንገድ ነው።

ከጠረጴዛው ስር ወጥቼ የቆርቆሮዎቹን ሰሌዳ አየሁ። ሃያ አንድ ነጭ። አንድ ቀይ።

እትዬ ሬዲዮ ጀርባዋን ሰጥታ ከማማው ጋር ትጯጯሃለች። ከውጭ የሚሰማው ድምፅ ከባድ መኪና ዳገት ሲወጣ ይመስል ነበር፤ ግን አያቆምም፣ እየቀረበ ብቻ ይሄዳል። ጋሼ ቀጭኔ አሁኑኑ መምጣት አለበት አልኩ። በርጩማዋን ጎትቼ ወጣሁ። አዞርኳት። ወርጄ ከጠረጴዛው ስር ገባሁና መቁጠር ጀመርኩ፤ መቶ ሳልደርስ ጎንበስ ብሎ ይገባል።

ስልሳ አራት ላይ በሩ ተከፈተ። አባቴ ነበር። አልገባም፤ ደፍ ላይ ቆሞ ጣቱን በአየር ላይ እያስኬደ ሰሌዳውን ቆጠረ። ቁጠሩልኝ ነውና አንዴ አልበቃውም፣ ሁለቴ ቆጠረ።

«ሁሉም?» አለ።

እትዬ ሬዲዮ ዞር አለች። «ነጭ ነው አለቃ። ሁሉም ነጭ ነው።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«እያየኸው! ነጭ ነው!»

ጋሼ ቀጭኔን ጠርቼዋለሁ ልለው አፌን ስከፍት ሄዶ ነበር።

መስኮቱ ጋ ሄድኩ። አባቴ አንገተ ረጅሙን የነዳጅ ጣሳ ይዟል፤ አፉ ላይ ፈትል የሚነድበት፣ ዘንበል ሲያደርጉት እሳት የሚያንጠባጥብ። በመንገዱ ዳር እየሄደ ከወዲያኛው ወገን እሳት እያንጠባጠበ ሄደ፤ አትክልት የሚያጠጣ ነው የሚመስለው። ሌሎችም ተከተሉት። ትንንሾቹ እሳቶች ተያያዙ፣ አንድ መስመር ሆኑ፣ ከዚያ ነፋስ ሳይነካቸው ወደ ጥዱ ውስጥ መሮጥ ጀመሩ። ገባኝ። ጭሱ ስለበዛ ጋሼ ቀጭኔ መንገዱ ጠፍቶበታል፤ መብራት እያበሩለት ነው። በደስታ መስኮቱን መታሁ።

ያ ነገር መመከቻ እሳት ይባላል። ዛሬ የማስተምረው እኔ ነኝ። ትልቁ እሳት ከመድረሱ በፊት በፊቱ ያለውን ደረቅ ነገር ሁሉ ራስህ ታቃጥልበታለህ፤ ሲደርስ የሚበላው ያጣል። ትልቁ እሳት አየሩን ወደ ራሱ ስለሚስብ ትንሿ እሳት ወደ እሱ ትሮጣለች። ለሠልጣኞቼ ሰሌዳ ላይ ሁለት መስመር አሰምርና በመሃላቸው ያለውን ባዶ ቦታ በጠመኔ እየመታሁ «እዚህ መሃል ማንም መኖር የለበትም» እላለሁ። ሁሌም ሁለቴ ነው የምለው። ለምን እንደሆነ ጠይቆኝ የሚያውቅ የለም።

ጣቢያው ተረፈ። ስድስቱ ቤቶች፣ መንገዱ፣ ከመንገዱ ወዲህ ያለችው ከተማ፣ ሁሉም ተረፉ። ሰዎቹ በደስታ እየጮሁ ተቃቀፉ፣ ውሃ ተራጩ። «ቀጭኔ የታለ? ና ከላይ ሆነህ የቀረ እሳት እይልን!» ብሎ የጠራው ሾፌሩ ነው። የፊተኛው መኪና ሰዎች ወደ ኋለኞቹ ዞሩ። የኋለኞቹ ወደ ፊተኞቹ ዞሩ። ከዚያ ጣቢያው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ዝም ሲል ሰማሁ፤ ዝምታ እንደዚያ ድምፅ እንዳለው ያኔ ነው ያወቅኩት።

ቀኑ ሊመሽ ሲል አባቴ ሬዲዮ ክፍል ገባ። እኔ ከጠረጴዛው ስር ነኝ። አንገቴን አስግጌ አየዋለሁ። ሰሌዳው ፊት ብዙ ቆመ። ከዚያ በሰሌዳው ስር የተተወችውን በርጩማ አየ። አንስቶ ቀስ ብሎ በሩ አጠገብ፣ ቦታዋ ላይ አስቀመጣት። ዕቃ ቦታውን ሲለቅ አይወድም ብዬ አሰብኩ። ተመልሶ እጁን ዘረጋ። የማንንም ቆርቆሮ ነክቶ የማያውቀው አባቴ አሥራ ሰባት ቁጥርን አዞራት።

ጠቅ። ቀይ።

«አለቃ! ምን እያደረግህ ነው?» አለች እትዬ ሬዲዮ።

«ቀይ ነበረች። እኔ አላየሁም።»

«ነጭ ነበረች! ነጭ ናት ያልኩህ እኔ ነኝ!»

«አንቺ ምንም አላልሽኝም» አለ። «ሰምተሻል? ምንም አላልሽኝም። ሳልመለከት ለኮስኩ። በቃ።»

«ያስሩሃል እኮ!»

«ሆድ ይፍጀው» አለ አባቴ። «እባክሽ።»

እኔ እጅጌዬን ነክሼ እንባዬን እውጥ ነበር። የገባኝ ይህ ነው፤ ጋሼ ቀጭኔ ሊመጣ ነበር፣ ጠርቼው እየመጣ ነበር፣ አባቴ ግን ወደ ቀይ መልሶ ሰደደው። በማግስቱ በማለዳ ተነስቼ ላዞራት ሄድኩ። በሩ ታሽጎ ወረቀት ተለጥፎበታል። ባይታሸግ ኖሮ አድነው ነበር እያልኩ ያደግኩት ልጅ ነኝ።

መርማሪ መጣ፤ አመድ የማይረገጥበት ጫማ አድርጎ። እኔን ሲያየኝ ጎንበስ ብሎ «አንቺስ ቆንጆ፣ ምን አየሽ?» አለኝ። ልነግረው ነበር። አባቴ ከጀርባዬ ትከሻዬን ያዘና «እሷ ትምህርት ቤት ነበረች» አለ። ትምህርት ቤት እንዳልነበርኩ ያውቃል። እንግዲህ የሚደብቀው ነገር አለ አልኩ።

ሥራውን ለቀቀ፤ ወይም አስለቀቁት። ከተማ ገብተን አባቴ የእህል መጋዘን ዘበኛ ሆነ። መቁጠር ተወ። እናቴ «ስንት ሰው ነው ለምሳ?» ብትለው «አላውቅም፣ አንቺ እይ» ይላል። እኔ ደግሞ እሱን ለማሳፈር ስል የእሱን ሙያ መረጥኩ። እሱ ያላወቀውን አውቄ እመጣለሁ አልኩ። ነፃ የትምህርት ዕድል አግኝቼ ሩቅ አገር ሄድኩ። እዚያ እያለሁ ሞተ። ፈተና አለብኝ ብዬ ለቀብሩ አልመጣሁም። ፈተና ነበረብኝ፤ ባይኖርብኝም ግን አልመጣም ነበር።

በሚቀጥለው ዓመት አንድ መምህር ስለ ሰው ቁጥጥር ሲያስተምር ልክ እንደኛው ያለ ሰሌዳ ሥዕል አሳየን። ቆርቆሮውን ለምን ባለቤቱ ብቻ እንደሚነካው ጠየቀ። ከፊቴ የተቀመጠው ልጅ እጁን ሳያነሳ መለሰ፤ «ሌላ ሰው ከነካው፣ ያልመጣ ሰው የመጣ ይመስላላ።» ሁለት ሦስት ሰዎች ሳቁ፤ ይህም ጥያቄ ሆኖ ነው ብለው። እኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። የደን ሳይንስ ተማሪ ነበርኩ፤ የእሳትን ፍጥነት በቀመር አሰላ ነበር። ይህችን አንዲት ነገር ግን እስከዚያች ደቂቃ ድረስ በዘጠኝ ዓመት ልጅ ጭንቅላት ይዣት ኖሬ ነበር። ደብተሬን ሳልዘጋ ወጣሁ። የሕንጻው ደረጃ ላይ ተቀምጬ ሰው ሁሉ እስኪሄድ ቆየሁ።

ከዚያ በኋላ ሌላ አሥራ ሁለት ዓመት የሌላ ሰው ጫካ እሳት ሳጠፋ ኖርኩ። አንድ ቦታ ሁለት በጋ አልቆየሁም። የተመለስኩት አምና ነው፤ የእሳት መከላከል ክፍሉን ኃላፊነት ሰጡኝ። ቢሮዬ ውስጥ ቁጭ ብዬ ረጅም ሰው ጎንበስ ብሎ በበሩ ከገባ ብድግ እላለሁ። የድሮውን ፋይል ከመዝገብ ቤት አስወጣሁ። የአባቴ ቃል ሦስት መስመር ናት፤ «አሥራ ሰባት ቁጥር ቀይ ነበረች። ሰሌዳውን ሳልመለከት መመከቻውን አስለኮስኩ። ጥፋቱ የእኔ ብቻ ነው።» የእትዬ ሬዲዮ ቃል ደግሞ አንድ ቃል ብቻ፤ «አላስታውስም።»

አባቴ ያውቅ እንደነበር አሁን አልጠራጠርም። ዕረፍት የሚነሳኝ ሌላ ነው። ሊስመኝ ሲል ፊቴን ሳዞርበት ምን መስሎት ይሆን? ጥፋቴን አውቄው በሐፍረት የምሸሸው መስሎት፣ ቁስሌን ላለመንካት ብሎ ይሆን አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ዝም ያለኝ? እሱን የምጠይቅበት ጊዜ አልፏል። የቀረችኝ አንዲት ሰው ነበረች።

የጋሼ ቀጭኔ ሚስት ልብስ ሰፊ ናት። ከገበያው ጀርባ አንዲት ጠባብ ክፍል አላት፤ የተማሪ ዩኒፎርም እስከ ጣሪያው ተከምሮ፣ በመሃሉ እሷና የስፌት መኪናዋ። ፀጉሯ ሸብቷል። በሩ ላይ ቆሜ ስሜን ልናገር ስል ከመነጽሯ በላይ አየችኝ።

«የአለቃ ልጅ» አለች። «ጭራሮ። ነይ ግቢ፤ ጨርቁን ወዲያ አድርጊና ተቀመጪ።»

አልተቀመጥኩም። ተቀምጬ የምለው ነገር አልመሰለኝም።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ልነግርዎ ነው የመጣሁት። የዚያን ቀን ቆርቆሮዋን ወደ ነጭ ያዞርኳት እኔ ነኝ። አባቴ አይደለም። ማንም አይደለም። እኔ ነኝ።»

የጀመረችውን ስፌት እስከ ጫፍ ወሰደችው። ክሩን በጥርሷ በጠሰች።

«ሦስተኛዋ ነሽ» አለች።

«ምን አሉኝ?»

«በመጀመሪያው ሳምንት አባትሽ መጣ። ‹ቀይ ነበረች፣ እኔ ነኝ ያላየሁት› አለኝ። ሁለት ዓመት ቆይታ እትዬ ሬዲዮ መጣች። ‹ሰሌዳውን ስወለውል ወድቃብኝ አገላብጬ ሰቅያት ነው› ብላ መሬት ላይ ተደፋች። አሁን አንቺ። ሰው ሁሉ ሸክሙን አምጥቶ እዚህ ያወርዳል፤ ደግሞ ቤቴን እይው፣ መቀመጫ እንኳ የለው።»

«እነሱ ዋሽተው ነው። እኔ—»

«መዋሸታቸውንማ አውቃለሁ።» መነጽሯን አወለቀች። «አንቺ መሆንሽን የማውቀው ባሌ ከመሞቱም በፊት ነው።»

አሁን ተቀመጥኩ።

«ቤት እየገባ በሳቅ ይነግረኝ ነበር። ‹ጭራሮ ከጫካ ትጠራኛለች። እኔ ሳልደርስ ቆርቆሮዬ ገብታ ትጠብቀኛለች› ይለኛል። ‹ኧረ ይህ ነገር ደግ አይደለም፣ ለአለቃ ንገረው› አልኩት። አንድ ጊዜ ነው ያልኩት። ‹ልጅቷን ያስገርፉብኛል፣ ተዪኝ› አለ። ተውኩት። በሚቀጥለው ጊዜ ሲነግረኝ እኔም አብሬው ሳቅኩ።» እጇን ዘርግታ አራት ጣቷን አሳየችኝ። «እንግዲህ ከቆጠርን እስከ መጨረሻው እንቁጠር። አራተኛዋ እኔ ነኝ።»

ያኔ ነው ሌላው ነገር ቀስ ብሎ የመጣው፤ ጭስ በበር ስር እንደሚገባ። ጋሼ ቀጭኔ የእሳት ሰው ነው። ሸለቆው ውስጥ ሆኖ ከመንገዱ በኩል ጭስ ሲነሳ አይቷል። መመከቻ መሆኑን ያውቃል። ሰሌዳው ሁሉ ነጭ ካልሆነ አባቴ መመከቻ እንደማይለኩስ ያውቃል። ማን ነጭ እንዳደረጋት ደግሞ—

«ደረስሽበት» አለች ፊቴን እያየች።

«አውቋል» አልኩ። «እኔ መሆኔን አውቆ ነው የሞተው።»

«እኔ ሃያ ስድስት ዓመት እዚያው ላይ ነኝ። የምጠይቀው ሰው አጣሁ። አባትሽን ብጠይቀው አለቀሰ፤ የሚያለቅስ ሰው ደግሞ አይጠየቅም። አንቺ ተምረሽዋል ይላሉ። በቁጥር ነው አሉ የምትሠሩት።» ወደ እኔ ዘንበል አለች። «እሳቱ ከመንገዱ ከተለኮሰ በኋላ፣ እሱ ያለበት እስኪደርስ፣ ስንት ደቂቃ ነበረው?»

ቁጥሩን አውቀዋለሁ። ካርታውን፣ ዳገቱን፣ የዕለቱን ነፋስ፣ የቅጠሉን ድርቀት ይዤ ከአንድ ጊዜ በላይ አስልቼዋለሁ። ወዲያው ነው፣ ጭሱ ቀድሞ አደንዝዞታል ማለት እችል ነበር። ለሟች ቤተሰብ የምንለው እሱን ነው።

«ሰባት» አልኩ። «ቢበዛ ስምንት።»

«ሰባት።» ቁጥሩን አፏ ውስጥ ይዛ ቆየች። «ሰው ላይ ለመናደድ ይበቃል?»

«ይበቃል።»

ያልተሰፋ አንገትጌ አንስታ ጉልበቷ ላይ ዘርግታ በመዳፏ አለሰለሰችው።

«ለአንቺና ለእኔ ይበቃል» አለች። «እሱ ግን ለመናደድ ግማሽ ቀን ይፈጅበት ነበር።»